የወንፈል ሒሳብ፦ የግል ጥቅም ምን ያህል ያብራራል?

የማክስ ዌበርን አራት የማኅበራዊ ድርጊት ዓይነቶች ስንማር ስሌትን ለገበያ፣ ልማድን ለገጠር የመስጠት ዝንባሌ አለብን። ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በውርጌሳ ዙሪያ የሚታወቀው ወንፈል ግን ይህን አከፋፈል አይቀበልም።

ወንፈል የጉልበት ብድር ነው። በጎረቤቱ የማሽላ ማሳ አንድ ቀን ያረመ ሰው በተራው አንድ ቀን ይታረምለታል፤ በሬ ጠምዶ የወጣም በሬ ይጠብቃል። የሚመዘግብ ባይኖርም ቀኑን የሚዘነጋ የለም። ይህ በዌበር አገላለጽ ከልማዳዊ ድርጊት ይልቅ ግብን ከመንገዱ ጋር ወደሚያሰላው ምክንያታዊ ድርጊት ይቀርባል። ደሳለኝ ራህመቶም በጎረቤት አምባሰል ስለ 1977 ዓ.ም. ረኃብ ባካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጥናት የወሎ ገበሬ ችግርን የሚጋፈጥበት የራሱ ስልት እንዳለው አሳይተዋል።

ይሁንና ቀድሞ የታረመለት ሰው ብድሩን ሳይመልስ እንዳይቀር የሚያግደው ምንድን ነው? የተፈረመ ውል የለም። ኤሚል ዱርካይም እ.ኤ.አ. በ1893 እንደተከራከረው፣ ውል የሚጸናው ከውሉ ቀድሞ በቆመ የጋራ ሥርዓት ነው። በወሎ ከዚህ ሥርዓት ምሰሶዎች አንዱ ቅሬ ነው። በወንፈል የሚገናኙ ጎረቤቶች ለቅሶም ይደራረሳሉ፤ ስለዚህ ብድር የበላ ሰው የሚያጣው የአንድ ቀን ጉልበት ብቻ ሳይሆን ስሙንም ነው።

አቅም ያነሳት እናት ደግሞ ወንፈል መመለስ አትችልም። በጥቅም ስሌት ብቻ ቢሆን ማሳዋ ጦሙን ባደረ ነበር፤ ለእርሷ ግን ደቦ ይወጣል። “ይህም ለነገ ድካም የሚቀመጥ መድን ነው” የሚል ይኖራል። ነገር ግን መስጠትንም መከልከልንም እኩል “ጥቅም” ካልን፣ ቃሉ ሁሉን ሲያቅፍ ምንም አያብራራም።

ዌበር ራሱ ዓይነቶቹ በንጹሕ መልካቸው እምብዛም እንደማይገኙ አስጠንቅቆ ነበር። እንግዲህ በመጠይቆቻችን ገበሬውን “የምትተባበሩት ለጥቅም ነው ወይስ በባህል?” ብለን አናስመርጠው። ማን እንደመለሰ፣ ማን እንዳልመለሰ፣ ያልመለሰውም ምን እንደደረሰበት እንጠይቅ። ጥቅምና ግዴታ የሚለያዩበት ድንበር የሚገኘው በዚያ መልስ ውስጥ ነው።