ለጎረምሳ ጡት ቢላዋ ይቅደም?

ጡቱ ያበጠ ጎረምሳ የስንፍና ስብ አጠራቅሟልና ሳይውል ሳያድር ቀዶ ሕክምና ይደረግለት የሚለው ሰሞነኛ ጽሑፍ ከመነሻው ይስታል። በጉርምስና ኤስትሮጅን ከቴስቶስትሮን አንጻር ለጊዜው ሲያይል ከጡት ጫፍ ሥር ላስቲክ የመሰለ፣ ሲነኩት የሚያም እብጠት ይወጣል። ይህ የጡት ዕጢ እንጂ ስብ አይደለም፤ ቀጭኑንም ልጅ አይምርም። ከወንዶች ግማሽ ያህሉ ላይ ይታያል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ውስጥ ራሱ ይጠፋል። ታዲያ ሊሄድ የተነሣን እንግዳ በቢላዋ ማባረር ምን ይሉታል? ዕድገት ሳያበቃ ቢቆረጥ ደግሞ ሊመለስ ይችላል። ቀዶ ሕክምና ተራው ከ2 ዓመት በላይ ለቆየና ልጁን ከሰው ፊት ላሸሸ እብጠት ነው። ፈጥኖ ሐኪም ሊያየው የሚገባው ጉርምስና ሳይጀምር ያበጠበት፣ ከጡቱ ደም የሚወጣ፣ ጡቱ ወይም ቆለጡ ላይ ጠጣር እብጠት ያለበት፣ ጡንቻ ማፈርጠሚያ ሆርሞን የሚወስድም ልጅ ነው።