«አይሰማም» ከማለታችን በፊት



በእኛ ዓይነት የማኅበረሰብ ትምህርት ቤት አንድ ልጅ ተጠይቆ ዝም ሲል ሁለት ፍርዶች ይቀድማሉ፦ «ቋንቋው አልገባውም» ወይም «ልቡ እዚህ የለም»። እኛ ግን አስቀድሞ ሌላ ጥያቄ መነሣት አለበት እንላለን፦ ድምፁ በእርግጥ ደርሶታል?

ድምፅ ጆሮ ውስጥ ስለገባ ብቻ ተሰማ አይባልም። በውስጠኛው ጆሮ፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት በተጠቀለለችው ኮክሊያ ውስጥ ያሉ ፀጉር መሰል ሕዋሳት ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ መልእክት ይለውጡታል። መልእክቱም በመስማት ነርቭ በኩል ወደ አንጎል ግንድ ይሄዳል። እዚያ ያሉ የነርቭ ሕዋሳት እንደ ዱላ ቅብብል ሯጮች እየተቀባበሉ ወደ ላይ ያደርሱታል። ሥራቸው ማቀበል ብቻ አይደለም፤ ከቀኝና ከግራ ጆሮ የመጣውን አነጻጽረው፣ ከሰከንድ አንድ ሺህኛ ባነሰ ልዩነት ድምፁ ከየት እንደመጣ ይለያሉ። በጫጫታ መካከል የመምህሩን ድምፅ ለይተን እንድንከተል የሚያግዘን አንዱ ይህ ነው።

ይህ መንገድ በየትኛውም ቦታ ሊሰናከል ይችላል። ጆሯቸው ድምፁን እየተቀበለ፣ ነርቩ መልእክቱን በወጉ ስለማያደርስ ቃላት የሚደባለቁባቸው ልጆች አሉ። ሲጠሩ ዞር ይላሉ፤ ትምህርቱ ግን ያመልጣቸዋል። መሃል ጆሮው ፈሳሽ የቋጠረ ልጅም አንድ ሰሞን ደህና ሰምቶ ሌላ ሰሞን ይቸገራል። ይህ በቁጣ አይድንም፤ በምርመራ ግን ይታወቃል። በራስ ቆዳ ላይ በሚለጠፉ ትንንሽ ኤሌክትሮዶች፣ የአንጎል ግንድ ለድምፅ የሚሰጠው ምላሽ በ10 ሚሊሰከንድ ገደማ ውስጥ ይመዘገባል። መልስ መስጠት የማይችል የተኛ ሕፃን እንኳ በዚህ መንገድ ይመረመራል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ «አይሰማም» ብላችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት ልጃችሁን አስመርምሩ። መምህራን፣ ወደ ሰሌዳው ዞራችሁ ሳይሆን ወደ ተማሪዎቹ ዞራችሁ ተናገሩ፤ የሚቸገረውን ልጅ ወደ ፊት አስቀምጡት። ተማሪዎች ደግሞ የጆሮ ማዳመጫችሁን ድምፅ ቀንሱ፤ የሞቱት ፀጉር መሰል ሕዋሳት ተመልሰው አይበቅሉምና።

የልጆቻችን ዓይን እንደሚመረመር ሁሉ ጆሯቸውም ትምህርት ሳይጀመር ቢመረመር ምኞታችን ነው። በቋንቋ ወይም በጠባይ ተሳብቦ ወደ ኋላ የቀረ ልጅ ካለ፣ ያመለጡትን ዓመታት መልሰን ልንሰጠው አንችልም።