ጠዋት አንክሳ ከሰዓት በኋላ የምትሮጥ ልጅ አታስመስልም



«ቁርጥማት» ሲባል በዓይነ ኅሊናችን የሚመጡት ከዘራ የያዙ አባት ወይም ማታ ማታ ጉልበታቸውን በቅባት የሚያሹ እናት ናቸው። የ6 ዓመት ልጅ ትዝ አይለንም። ስለዚህም ልጅ «ጉልበቴን!» ብሎ ሲያለቅስ ወድቆ ይሆናል፣ እያደገ ነው፣ ከትምህርት ቤት ለመቅረት ነው እንላለን። እኔም ነርስ ሆኜ ይህንኑ ብያለሁ፤ ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሳሳኝም እሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት የ7 ዓመት ልጇን ይዛ ሦስት ጊዜ እኔ ዘንድ መጣች። «ጠዋት ከፍራሽ አልነሳ ትላለች፣ እንደ አሮጊት ታዘግማለች» አለችኝ። እናትየው ግን ጠዋት ቦኖ ላይ ወረፋ ስለምትይዝ ክሊኒክ የምትደርሰው ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ነበር። በዚያ ሰዓት ልጅቷ በረንዳው ላይ ከሌሎች ልጆች ጋር ትሯሯጣለች። የወባ ምርመራ አዘዝኩ፣ ምንም አልተገኘም። ፓራሲታሞል ሰጥቼ «የእድገት ሕመም ነው» ብዬ ሸኘኋቸው። በአራተኛው ጊዜ እናትየው ወረፋዋን ጥላ በማለዳ መጣች፤ የ7 ዓመት ልጅ በጀርባዋ አዝላ። ሁለቱን ጉልበቶች ጎን ለጎን አድርጌ ያየሁት ያኔ ነው። የግራው አብጧል፣ ሲነኩት ይሞቃል፣ እስከ መጨረሻው አይዘረጋም። እኔ ፓራሲታሞል እየሰጠሁ ስሸኝ አምስት ወር አልፎ ነበር።

በሽታው የልጆች የመገጣጠሚያ ብግነት ይባላል፤ ሐኪሞች አርትራይተስ ይሉታል። የሚጀምረው 16 ዓመት ባልሞላቸው ልጆች ላይ ነው። የአንድ ወይም የብዙ መገጣጠሚያ እብጠት 6 ሳምንትና ከዚያ በላይ ሲቆይ፣ ሌላ ምክንያትም ሳይገኝለት ሲቀር ይህ ስም ይሰጠዋል። ሰውነታችንን ከጀርም የሚጠብቅ ኃይል አለ፤ እሱ እንደ ተሳሳተ ዘበኛ ሌባውን ትቶ የቤቱን ባለቤት ሲደበድብ የመገጣጠሚያው ውስጠኛ ሽፋን ያብጣል። ለምን እንደሚጀምር በእርግጠኝነት አልታወቀም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የእናት ጥፋትም አይደለም። ብርድም አይደለም። እዚህ ካኩማ ፀሐዩ የቤታችንን ቆርቆሮ እያጋለው «ብርድ ገብቷት ነው» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ይገርመኛል። ብርድ ከየት መጥቶ?

ጠዋት የሚብሰው ለምንድን ነው? ያበጠ መገጣጠሚያ ሌሊቱን ሳይንቀሳቀስ ሲያድር ይደርቃል። ልጁ መንቀሳቀስ ሲጀምር ቀስ በቀስ ይፍታታል፤ ይህ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። ከሰዓት በኋላ ኳስ ይጫወታል፣ በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ያው ነው። ጎረቤትም መምህርም የሚያዩት የከሰዓቱን ልጅ ነው፤ «ትናንት ሲሮጥ አይቼዋለሁ» ይላሉ። አይተውታል፣ እውነት ነው። ጠዋት ግን አላዩትም።

እብጠት ሁሉ ይህ በሽታ ነው ማለቴ አይደለም። ልጁ ትኩሳት ይዞት አንድ መገጣጠሚያው በድንገት አብጦ «አትንኩኝ» ካለ መግል ቋጥሮ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ጉሮሮውን ታሞ ከሰነበተ በኋላ ሕመሙ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ ወደ ክርን እየዞረ ከሆነ ልብን የሚጎዳው የሩማቲክ ትኩሳት ሊሆን ይችላል። የመገጣጠሚያ ቲቢም አለ። ይህን የሚለየው ምርመራ እንጂ ወጌሻ አይደለም። ወጌሻ ያበጠውን ጉልበት እየጎተተ ሲያሽ፣ ወይም በጋለ ብረት ሲተኮስ ያየሁት ጉዳት ብዙ ነው። ጸበል የምትወስዱ ውሰዱ፤ መድኃኒቱን ግን አታቋርጡ።

ከወላጆች ጋር ብዙ ጊዜ የምከራከረው በትራስ ነው። ልጁ ታሟል ሲባል እናት ታስተኛዋለች፣ ከጉልበቱ ሥርም ትራስ ወይም የተጠቀለለ ጋቢ ታደርግለታለች። ሕመሙን ያስታግሳልና ልጁም ይወደዋል። ይሁን እንጂ ታጥፎ የሰነበተ ጉልበት ታጥፎ ይቀራል። የዚያችን ልጅ ጉልበት ያጎበጠው የእኔ መዘግየትና ያ ትራስ ናቸው። ትራሱን አውጡት። በቀን አንድ ሁለቴ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ በሆዱ ይተኛ፤ ዳሌውና ጉልበቱ እንዲዘረጋ ይረዳል። ሕመሙ በጠናበት ቀን ያርፍ እንጂ ጨርሶ ሳይንቀሳቀስ አይዋል። በቀረው ቀን ይራመድ፣ ይጫወት። ኳሱን ባትከለክሉት እመርጣለሁ።

ለጠዋቱ ድርቀት ደግሞ በየቤታችን መፍትሔ አለ። ማታ ሻይ ስታፈሉ ትንሽ ውኃ ጨምራችሁ በፔርሙዝ አስቀምጡ። ጠዋት በሳፋ ከቀዝቃዛ ውኃ ጋር ቀላቅላችሁ፣ በክርናችሁ ለክታችሁ፣ እጁን ይንከር ወይም በእርጥብ ጨርቅ ጉልበቱን ሸፍኑለት። ከዚያ ራሱ እያጠፈ እየዘረጋ ያፍታታው። ለዚህ ጊዜ ያስፈልጋል፤ ትምህርት ቤት ለመድረስ ሌሎቹ ልጆች ከሚነሱበት አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብላችሁ ቀስቅሱት። መጸዳጃ ቤት መቀመጥ ለሚከብደው መሐሉ የተቆረጠ የፕላስቲክ ወንበር ቀዳዳው ላይ ይቀመጥለታል። ጣቶቹ ላበጡት እስክሪብቶውን በአሮጌ የብስክሌት ካላማዳሪያ ጠቅልላችሁ አወፍሩለት።

መምህራን፣ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ ልጁ ሲዘገይ አትቅጡት። ወለል ላይ አጣጥፎ ከመቀመጥ ዴስክ ይሻለዋል፤ በየግማሽ ሰዓቱም ሰሌዳ እንዲያጠፋ ብታስነሱት ሕክምና ሰጣችሁት ማለት ነው። ከትምህርት ቤት የቀረ ልጅ ግን እቤት ይተኛል፣ መገጣጠሚያውም ይደርቃል።

ስለ መድኃኒት ጥቂት ልበል። ብዙውን ጊዜ በኢቡፕሮፌን ይጀመራል። የሚሰጠው በክብደቱ ተሰልቶ ከምግብ ጋር ነው፤ በባዶ ሆድ ጨጓራ ይጎዳል። ራሽኑ በቀጠነበት ሰሞን ለመድኃኒቱ የምትሆን ቁራሽ ማስቀረት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አስቀሩ። ሐኪም ሜቶትሬክሴት ካዘዘ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚዋጠው። በየቀኑ የተሰጠ ሕይወት ያሳጣል። አንድ ቀን ምረጡና በካርዱ ላይ ጻፉት። ይህን የሚወስድ ልጅ ክትባት ሲደርሰው አስቀድማችሁ ለከታቢው ንገሩ፤ በራሳችሁ ግን ክትባት አታስቀሩ። ከሱቅ ከሚሸጡት «የቁርጥማት» ክኒኖችም ተጠንቀቁ። አንዳንዶቹ ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታሶን ናቸው፤ በሁለት ቀን ያስነሳሉ፣ ልጁም «ዳነ» ይባላል። ያለ ሐኪም ሲሰነብቱ ፊትን ያሳብጣሉ፣ እድገትን ይገታሉ፣ በድንገት ሲቋረጡም አደጋ አላቸው።

ዓይንን አትርሱ። ይህ በሽታ በአንዳንድ ልጆች፣ በተለይ በትንንሽ ሴቶች ልጆች ላይ፣ የዓይንን ውስጥ ያበግናል። አይቀላም፣ አያምም፣ ልጅቷም አትናገርም፤ ሳይታወቅ ብርሃን ሊያሳጣ ይችላል። በዓይን ሐኪም ልዩ መሣሪያ ካልሆነ በቀር ማንም አይቶ አያውቀውም፤ እኔም ብሆን። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አደጋው ያለባቸው ልጆች በየ3 ወሩ መታየት አለባቸው። የዓይን ሐኪም ወደ ካምፑ ሲመጣ «ዓይኗ ደህና ነው» ሳትሉ አስመዝግቧት።

ሪፈራል እንደሚቆይ አውቃለሁ። ሎድዋር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ናይሮቢም ሩቅ ነች፤ የሕፃናት መገጣጠሚያ ስፔሻሊስት በኬንያ በጣት የሚቆጠር ነው። ወረፋ እስኪደርስ ግን ትራሱን ማውጣት ሪፈራል አይጠይቅም።

ለበጎ ፈቃደኛ ጓዶቼ አንድ ልመና አለኝ። ቤት ለቤት ስትዞሩ ስለ ትኩሳትና ተቅማጥ ትጠይቃላችሁ፤ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «ጠዋት ሲነሳ የሚያነክስ ወይም ተሸክማችሁ የምታነሱት ልጅ አለ?» አለ ከተባላችሁ በማግስቱ በማለዳ ተመልሳችሁ በዓይናችሁ እዩት፤ ሁለቱን ጉልበት አነጻጽሩ፣ ያያችሁበትንም ሰዓት ሪፈራሉ ላይ ጻፉ። እንደ እኔ ያለ ከሰዓት በኋላ ተረኛ ነርስ ያንን ካነበበ ልጁን በፓራሲታሞል አይሸኘውም።

ያቺ ልጅ ዛሬ ትማራለች። ጉልበቷ ሙሉ በሙሉ አልተዘረጋም፤ ትንሽ ጎድሎታል። እናቷ ስታገኘኝ ሰላም ትለኛለች፣ ስለ ቡና ትጠይቀኛለች፤ ስለ እነዚያ ሦስት ጊዜያት ግን አንስታብኝ አታውቅም።