«እንመለስ» ማለት ለምን ይከብዳል?

ይሉኝታ ጥሩ ጠባይ ነው ተብለን አድገናል። ማዕድ ዙሪያ እውነት ነው። ተራራ ላይ ግን ሰው ይገድላል።

ከዚህ ትምህርት ቤት ከወጣሁ በኋላ ኑሮዬ ስዊድን ሆነ። ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ ከአራት ጓደኞቼ ጋር በሰሜን ኖርዌይ ወደሚገኙት የሊንገን ተራሮች በስኪ ለመንሸራተት ሄድን። ያሰብንበት ቦታ ሰው የሚያወጣ የኬብል ወንበር የለም፤ ከስኪው ሥር ሸካራ ጨርቅ ለጥፎ ከባሕሩ ዳር በእግር መውጣት ነው። ከፍተኛው ጫፍ 1,834 ሜትር ብቻ ነው። ራስ ዳሸንን ለሚያውቅ ኮረብታ ይመስላል፤ ሲያዩት ግን ኮረብታ አይደለም።

አደጋው የበረዶ ናዳ ነው። ከ30 ዲግሪ በላይ ባዘነበለ ተዳፋት ላይ አዲስ በረዶ በደካማ ንብርብር ላይ ሲከመር የአንድ ሰው ክብደት ሊያስነሣው ይችላል። ስኪ ተንሸራታቾችን የሚገድሉት ናዳዎች አብዛኞቹ የሚነሡት በራሱ በሟቹ ወይም በባልንጀራው እግር ነው። ሁላችንም የምልክት ማሠራጫ፣ መፈለጊያ ዘንግና አካፋ ይዘን ነበር። ሆኖም የተቀበረ ሰው በ10 ወይም በ15 ደቂቃ ውስጥ ካልወጣ ተስፋው በፍጥነት ይመነምናል።

በሦስተኛው ቀን ከሁላችንም ያነሰ ልምድ ያላት ልጅ «ይህን ዳገት አልወደድኩትም፣ እንመለስ» አለች። ፈቃዳችን በማግሥቱ ያበቃል፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ከመነሣታችን በፊት ግን አንድ ሰው እንኳ ከተቃወመ ክርክር የለም ብለን ተስማምተን ነበር። ተመለስን። (አንዱ እራት እስኪቀርብ አኩርፎ ነበር።) ያ ዳገት በኋላ ይናድ አይናድ አናውቅም። ክፋቱም ይኸው ነው፤ የተመለሰ ሰው ትክክል ስለመሆኑ ማስረጃ አያገኝም፣ የሚያገኘው ሹፈት ነው።

ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. በካናዳ ሮጀርስ ፓስ አጠገብ በትምህርት ቤት የስኪ ጉዞ ላይ የነበሩ 7 የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች በናዳ ሞቱ። ካናዳ ከዚያ በኋላ የተራራ ጉዞን ጨርሳ አልከለከለችም፤ ልጆች ይዘው በክረምት ወደ ብሔራዊ ፓርኮቿ ለሚገቡ ቡድኖች ጥብቅ ደንብ አወጣች፣ ቦታዎቹንም እንደ አደጋቸው መጠን ለየች። ይህን የማነሣው ዘንድሮ አንዳንድ ወላጆች የኬንያ ተራራው ጉዞ ይቅር ስላሉ ነው። እኔ አይቅር ባይ ነኝ።

ወደ ሌናና ጫፍ፣ 4,985 ሜትር፣ ሲወጣ የሚያሰጋው ከፍታ የሚያመጣው ሕመም ነው። ራሱን እየፈለጠው፣ ጓደኞቹ እንዳይስቁበት ብሎ «ደህና ነኝ» የሚል ልጅ ደግሞ አይጠፋም። ስለዚህ በየማታው ከታናሹ ጀምሮ እያንዳንዱ ይጠየቅ፤ መምህሩ መጨረሻ ላይ ይናገሩ። «እንመለስ» ከሚል ልጅ ጋር አብሮ የሚወርድ አዋቂም ከናይሮቢ ሳይነሡ በስም ይመደብ።