ለጂዛን ስደተኛ የተላከ የጨዋነት ምክር

በሳዑዲ ዓረቢያ ስለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወሬ በተነሳ ቁጥር ከአዲስ አበባም ሆነ ከውጭ አገር ነዋሪዎች የቀጥታ ስርጭት አንድ ምክር ይደጋገማል፤ ይኸውም ስድብ፣ የብሔር ንትርክና ውሸት የነገሡባቸውን ቲክቶክንና ፌስቡክን ትቶ ወደ ዝግ ቡድን፣ ማለትም በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ በአስተዳዳሪ ፈቃድ ብቻ ወደሚገባበት የጨዋዎች መገናኛ፣ መሰብሰብ ይሻላል የሚል ነው። መካሪዎቹ ይህን የሚያውጁት በዚያው በቲክቶክ መሆኑ ለጊዜው ይለፍ። ምክሩ ግን ከጅቡቲዋ ወደብ ከኦቦክ ተነስቶ ባሕሩን በጀልባ፣ የመንን በመኪናና በእግር አቋርጦ በሳዑዲ የጂዛን ግዛት የአድ-ዳየር፣ የፊፋ ወይም የሀሩብ ተራሮች ላይ ለደረሰ ወጣት ሲነገር፣ ከየዋህነት አልፎ ጉዳት ይሆናል።

የምክሩ እንከን ዝግ የሆነውን ሁሉ ንጹሕ አድርጎ መቁጠሩ ነው። በስደተኛው ሕይወት ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ዝግ፣ ከሁሉ ይልቅ ሥርዓት ያለውና ስድብ የማይሰማበት መገናኛ የደላላው ነው። ደላላ አይሳደብም፤ «ወንድሜ»፣ «እናቴ» እያለ ዋጋ ይነግራል፣ ስለ መንገዱ አደጋ አጥብቆ የጠየቀውን ያስወጣል፤ ልጁ የመን ውስጥ በአጋቾች እጅ ከወደቀ በኋላም ጩኸቱ ለእናቱ የሚሰማው በአደባባይ ሳይሆን ሦስተኛ ሰው በሌለበት የስልክ ወይም የኢሞ ጥሪ ነው፤ ማስለቀቂያውም ብዙውን ጊዜ የሚላከው በሐዋላ፣ ማለትም ባንክ ሳይነካው ከእጅ ወደ እጅ በመተማመን በሚተላለፍ ገንዘብ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም የአደባባይ ነውር አልተፈጸመም፤ መካሪዎቹ ደስ ይበላቸው።

የሳዑዲና የየመን ድንበር ግፍ በአንጻሩ ሊታወቅ የቻለው ለጨዋ ዓይን የማይመች ምስል ከተዘጋ ስፍራ ሾልኮ በመውጣቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የሑቲ ታጣቂ ኃይሎች ኮቪድን ሰበብ አድርገው ከሰሜን የመን ወደ ሳዑዲ ድንበር የነዷቸው ኢትዮጵያውያን በጂዛን እስር ቤቶች ሲታጎሩ፣ የዓለምን ትኩረት የሳበው እስረኞቹ በእጅ ስልክ አንስተው የላኩት፣ በነሐሴ መጨረሻ በእንግሊዙ ሰንደይ ቴሌግራፍ ጋዜጣ የወጣው ምስል ነበር። ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው የሰብአዊ መብት ድርጅት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ባወጣው ዘገባም፣ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን እንደገደሉ ሲገልጽ፣ ከ42 ሰዎች ቃል ሌላ የመረመራቸው ከ350 በላይ ቪዲዮዎችና ፎቶግራፎች በማኅበራዊ ሚዲያ የተለጠፉ ወይም ከሌሎች ምንጮች የተሰበሰቡ ነበሩ። ሪያድ ክሱን መሠረተ ቢስ ብላለች። የለጠፉት ሰዎች «አሰቃቂ ምስል መለጠፍ ክልክል ነው» የሚለውን የጨዋ ቡድን ሕግ አክብረው ቢተዉት ኖሮ፣ ሪያድ ለማስተባበል ያን ያህል ባልተቸገረች ነበር።

ይህ ማለት ቲክቶክ ጻድቅ ነው ማለት አይደለም። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2022 ከሶርያ የተፈናቃዮች ካምፖች በቀጥታ ስርጭት የሚለምኑ ቤተሰቦችን ተከታትሎ፣ ከተሰጣቸው ስጦታ እስከ 70 ከመቶ የሚሆነው ለኩባንያው እንደሚቀር ዘግቧል፤ ኩባንያው ድርሻዬ ከዚያ እጅግ ያንሳል ቢልም ድርሻ መውሰዱን አልካደም። ለታጋች ማስለቀቂያ እየተባለ በአማርኛ የቀጥታ ስርጭት የሚዘንበው፣ በገንዘብ ተገዝቶ በስጦታነት የሚላክ የጽጌረዳና የአንበሳ ምስልም ይኸው ቀረጥ አለበት። ስግብግብ ገበያን ለቆ ድብቅ ገበያ መግባትን መፍትሔ የሚል ግን ገበያውን የማያውቅ ብቻ ነው።

በሳዑዲ ላለ ሠራተኛ ስድብ የሌለበት ድረ ገጽ መቼም አልጠፋም። ሁሩብ የሚባለው፣ ከፊሉ ማለትም አሠሪው «ሠራተኛዬ ጠፍቷል» ብሎ ለመንግሥት የሚያስመዘግበው ክስ፣ የሚሞላው እጅግ በተስተካከለ የኢንተርኔት ገጽ ነው፤ አንድ ክፉ ቃል ሳይጻፍበት፣ በሕጋዊ ቪዛ የገባውን እንኳ ለእስርና ለመባረር ያጋልጣል። የኢትዮጵያ ቆንስላ ያለው ከጂዛን 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በጅዳ ነው፤ ኢቃማ የሚባለው የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሰው ደግሞ በመንገዱ ያሉትን የፍተሻ ኬላዎች ማለፍ ይከብደዋል። እንዲህ ላለው ሰው የሚበጀው ማኅበር፣ እንደ እድር ዳኛውና ጸሐፊው በስም የሚታወቁ፣ ሲያጠፉ የሚጠየቁ፣ በሩ ግን ለመጣው ሁሉ የተከፈተ ነው፤ በየትኛው መተግበሪያ ይቋቋም የሚለው ሁለተኛ ነገር ነው።

እስከዚያው ድረስ ከወሎ ወይም ከጅማ ወጥቶ ድምፁ የጠፋን ልጅ የሚፈልግ ቤተሰብ ፎቶግራፉን ከነቀበሌው ስም የሚለጥፈው በዚያው በተናቀው አደባባይ ነው፤ ከስሩ ስድብ ሊጻፍ፣ አጭበርባሪ ገንዘብ ሊጠይቅ ይችላል፤ አብሮት ታስሮ የነበረ ሰው መልስ ሊጽፍ የሚችለውም ግን እዚያው ነው። ሁለት መቶ ጨዋዎች በተሰበሰቡበት ዝግ ቡድን ይህ መልስ አይገኝም፤ ምክንያቱም የልጁን መጨረሻ የሚያውቀውን ሰው አስተዳዳሪው አያስገባውም።