አንድ ባለሙያ፣ አምስት ዓይነት ኮምፒዩተር

በወልድያ ወይም በመርሳ ቢሮ የሚከፍት ነጋዴ ኮምፒዩተር ሲገዛ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ጎዶሎ ነው። ደረሰኝ ላይ የሚሰፍረው የዕቃው ዋጋ ብቻ ነው፤ ዕቃውን ከሥራ እንዳይወጣ ለማድረግ ባለሙያው የሚያጠፋው ቀን ግን አይጻፍም።

የአካባቢው ቢሮዎች ኮምፒዩተር የተዘበራረቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወልድያና ሀብሩ ከደረሰ በኋላ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ብዙ የቢሮ ንብረት ተዘርፏል፤ ወድሟልም። ከዚያ ወዲህ እንደገና የተነሳ ድርጅት የማማረጥ ዕድል አልነበረውም፤ ያገኘውን ገዛ፣ የተሰጠውን ተቀበለ። ውጤቱም ዊንዶውስ 7፣ 10 እና 11 በአንድ ክፍል ጎን ለጎን መቀመጣቸው ነው።

የዚህን ዕዳ የሚከፍለው የኮምፒዩተር ሠራተኛው ነው። ለአንዱ የሚሠራው የፕሪንተር ፕሮግራም ለሌላው አይሆንም። በአዲሱ የፒችትሪ ዕትም የተከፈተ ሒሳብ በአሮጌው ላይ አልከፈትም ይላል። የአማርኛው ጽሑፍ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ቢገባም፣ ከዚያ በፊት በተሠሩ የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፈ ውል ፕሮግራሙ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። መርሳ የተጻፈው ወልድያ ላይ አይነበብም ማለት ነው።

አሁን ጉዳዩን የሚያጣድፍ ነገር መጥቷል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ነፃ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ድርጅቶች በክፍያ ማራዘም ቢችሉም፣ ክፍያው ለአንድ ኮምፒዩተር በመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር ሆኖ በየዓመቱ እጥፍ ይሆናል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍልና በአመዛኙ ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ የተሠራ የኢንቴል ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ስለዚህ ያገለገለ ላፕቶፕ በርካሽ አገኘሁ ብሎ የሚደሰት ገዢ፣ ዕድሜው ያለቀበትን ዕቃ እየገዛ ሊሆን ይችላል። ደላላውም ይህን ሳይናገር ቢያሻሽጥ ደንበኛውን ሁለተኛ አያገኘውም።

ችግሩ በአዲስ አበባ ቢሆን ጎረቤት ያለ ጠጋኝ ይጠራል። በሰሜን ወሎ ግን አንድ ባለሙያ የወልድያውን ቢሮና 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀውን የመርሳ መጋዘን ደርቦ ሊይዝ ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ እንደታየው፣ ከሩቅ ሆኖ መጠገን ሁልጊዜ አይቻልም። ኮምፒዩተሮቹ አንድ ዓይነት ከሆኑ ሠራተኛው በስልክ «ይህን ተጫን» ብሎ ይገላገላል፤ ከተለያዩ ግን መኪና ይሳፈራል። የግብር ወቅት በሆነው ሐምሌ ላይ ይህ ከደረሰ፣ የጠፋው አንድ ቀን በቅጣት ሊመነዘር ይችላል።

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይባላል። ለኮምፒዩተር ግን ሁለተኛው ባላ ሌላ ዓይነት ሲስተም አይደለም፤ በየሳምንቱ በውጭ ዲስክ ተገልብጦ ሌላ ቦታ የሚቀመጥ የሒሳብ ቅጂ ነው።

ሊኑክስስ የሚል ይኖራል። ያለ ክፍያ የሚገኝ ነው፤ አማርኛም በዩኒኮድ ይጽፋል፤ አሮጌ ኮምፒዩተርንም ያነቃል። ደብዳቤ ብቻ ለሚጻፍበት ጠረጴዛ ጥሩ መፍትሔ ነው። ሒሳቡ በፒችትሪ ለሚሠራ ቢሮ ግን ፕሮግራሙ ለዊንዶውስ የተሠራ ስለሆነ፣ የተቆጠበው ገንዘብ በሠራተኛው ድካም ይመለሳል። መጀመሪያ መመረጥ ያለበት የሥራው ፕሮግራም ነው፤ ሲስተሙ እሱን ይከተላል፤ ዕቃው መጨረሻ ነው። በተለምዶ ግን የሚደረገው ተገላቢጦሹ ነው።

ሁሉን በአንድ ቀን መለወጥ የሚችል ነጋዴ ጥቂት ነው፤ አያስፈልግምም። አንድ ዓይነት ወስኖ፣ የሚገዛው ሁሉ ወደዚያ እንዲያመራ ማድረግ ይበቃል። ከሁሉ በፊት ግን ዋጋ ከመጠየቅ አስቀድሞ የሚጠግነውን ሰው መጠየቅ ይገባል። ምክሩ ምንም አያስከፍልም፤ አለመጠየቁ ግን በየወሩ ያስከፍላል።