ሚዛኑን ማን ይመዝነዋል?

በገበያ ቀን እህል የሸመተ ሰው ሚዛኑን ቢጠራጠር እህሉን ወስዶ በሌላ ሚዛን ሊያስመዝን ይችላል። ቤት ግን እንዲህ አይደለም። ፌሮው በአርማታ ከተሸፈነ፣ ግድግዳውም ከተለሰነ በኋላ ጉድለቱ ከዓይን ይሰወራል፤ ብዙ ጊዜ የሚገለጠውም አደጋ በደረሰ ዕለት ነው። ስለዚህ በየከተማው ግንባታን የሚቆጣጠረው ማዘጋጃ ቤት ነው ስንል አንድ ጥያቄ ይከተላል፤ ማዘጋጃ ቤቱንስ ማን ይቆጣጠረዋል?

ጥያቄው ለሐይቅና ለአምባሰል የሩቅ ጉዳይ አይደለም። አካባቢው የሚገኘው ከፍተኛው ምድር ወደ አፋር ዝቅተኛ ምድር በሚያዘቀዝቅበት የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ ነው። ከደሴ በስተደቡብ፣ በዚሁ ጠርዝ፣ በግንቦት 1953 ዓ.ም. የደረሰው የካራ ቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል፤ ወደ ደሴ የሚወስደውንም አውራ ጎዳና ሰነጣጥቋል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የተከታተሉት መንቀጥቀጦች የአዲስ አበባን ፎቆች ሳይቀር አወዛውዘዋል።

ከቅኝቶቻችን አንዱ በአምባሰል ስም ይጠራልና ምሳሌያችንን ከክራር እንውሰድ። እያንዳንዱ የክራር ክር የራሱ ንዝረት እንዳለው ሁሉ ሕንፃም የራሱ አለው። በግምት ለአንድ ፎቅ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ብንይዝ፣ ባለ አራት ፎቅ ቤት አንዴ ወዲያና ወዲህ ለመወዛወዝ 0.4 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። መሬቱ በዚያው ምት ከተርገበገበ፣ በምቱ እንደሚገፋ ዥዋዥዌ፣ ውዝዋዜው እየበረታ ይሄዳል። በ1985 (እ.ኤ.አ.) ሜክሲኮ ሲቲን የመታው መንቀጥቀጥ የተነሣው ከከተማዋ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነበር። ሆኖም ከተማዋ በከፊል የቆመችው በቀድሞ ሐይቅ ደለል ላይ ነበርና ደለሉ ንዝረቱን አጎላው፤ ከሁሉ ይበልጥ የተጎዱትም ምታቸው ከደለሉ ምት ጋር የተቀራረበ መካከለኛ ፎቆች ነበሩ። በሐይቅ ዳር ቤት የሚሠራ ሁሉ አስቀድሞ አፈሩን ሊያስመረምር የሚገባው ስለዚህ ነው።

ዕውቀቱ በሀገራችን አልጠፋም። በ1995 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ራሱን የቻለ ክፍል ነበረው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624ም ፈቃድ የሚሰጥና ግንባታን የሚቆጣጠር የሕንፃ ሹም እንዲኖር ደንግጎ ነበር። ተፈጻሚነቱ ግን በዋናነት ከ10,000 ያላነሰ ነዋሪ ባላቸው ከተሞች ነበር። የመሬት መንቀጥቀጥ ግን የነዋሪ ብዛት አይጠይቅም፤ ማጀቴም ትንሽ ከተማ ነበረች።

ዋናው ችግር አፈጻጸሙ ነው። በትንሽ ከተማ የሕንፃ ሹሙና ባለቤቱ በዕድር ይገናኛሉ፤ ምናልባትም አበልጆች ናቸው። ኮለኑን እንደ ቀለበት የሚያቅፉት የብረት ማሰሪያዎች ተራርቀዋልና አፍርሰህ ሥራ ብሎ ጎረቤቱን የሚያስቀይም ሹም ብርቱ ድጋፍ ያስፈልገዋል። ይህ የሹሙ ባሕርይ ጉድለት ሳይሆን የአሠራሩ ጉድለት ነው። እኛ የፊዚክስ ሰዎች የራሳችንን ልኬት እንኳ ብቻውን አናምነውም፤ ሌላ ሰው በሌላ መሣሪያ እንዲደግመው እንጠይቃለን። ዩኒቨርሲቲም የውጭ ፈታኝ የሚጋብዘው መምህሩን ስለሚንቅ አይደለም።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የክልሉ ተቆጣጣሪዎች ሳያስታውቁ እየመጡ ጥቂት ግንባታዎችን በዕጣ ይመርምሩ፤ የሚመጡትም አርማታው ከመሞላቱ በፊት ይሁን። ሁለተኛ፣ ከሚሞላው አርማታ ናሙና ተወስዶ፣ 28 ቀን ሲሞላው ጥንካሬው ከከተማው ውጭ ባለ ቤተ ሙከራ ይለካ፤ ኮምቦልቻ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለዚህ ቅርብ ነው። ሦስተኛ፣ ውጤቱ በማዘጋጃ ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። በዚሁ ጉብኝት የኤሌክትሪክ ሽቦው፣ የመውጫ ደረጃውና የእሳት አደጋ መኪና መግቢያው ይታዩ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው ቃጠሎ የተጨናነቀ ሰፈር ለእሳት ምን ያህል እንደሚመች አሳይቶናል።

ድሃ ነን፤ ይህ ሁሉ ለሀብታም ሀገር ነው የሚሉ አሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ሲሚንቶና ብረት ውድ ናቸው። ነገር ግን በ2010 (እ.ኤ.አ.) በሄይቲ መጠኑ 7.0 የሆነ መንቀጥቀጥ ከ100,000 በላይ ሰዎችን ሲገድል፣ በዚያው ዓመት በቺሊ የደረሰው መጠኑ 8.8 የሆነ መንቀጥቀጥ የገደለው 500 ያህል ሰዎችን ነው። በጉልበት ሲሰላ የቺሊው 500 እጥፍ ያህል ይበልጥ ነበር። የመነሻው ርቀትና የሀብት ልዩነቱ ድርሻ አላቸው፤ የቺሊ የግንባታ ሕግ በተግባር መዋሉ ግን ብዙ ሕይወት አትርፏል። ማሰሪያውን ማቀራረብ የሚጠይቀው ተጨማሪ ብረት ከቤቱ ጠቅላላ ወጪ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ ከእናንተ መካከል ነገ የሕንፃ ሹም፣ መሐንዲስ ወይም የክልል ተቆጣጣሪ የሚሆኑ አሉ። እስከዚያው ግን በምትማሩበትና በምታድሩበት ሕንፃ አንድ ነገር ጠይቁ፤ ይህ ቤት አርማታው ሳይሸፍነው ማን አየው? መልስ የሚሰጣችሁ ሰው ካጣችሁ፣ ከዚያ ጀምራችሁ መጠየቃችሁን ቀጥሉ።